ጨው ያላየ ንፍሮ

«ይሄ ንፍሮ ጨው የሚባል ነገር አይቶ ያውቃል?» አለች አንዷ ለቀስተኛ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ግን ዝቅ ያለ ድምፅ ከጩኸት ይልቅ ሩቅ ይሄዳል፤ ዳሱን ዞሮ ዞሮ ሸዋነሽ ጆሮ ላይ አረፈ።

«ዝም ብለሽ ቆርጥሚ። ሠርግ መሰለሽ?» አለቻት ከጎኗ ያለችው።

«ቆርጥሜያለሁ። ጥርሴስ ሥራ አገኘ፤ የጾመው ምላሴ ነው።»

ሸዋነሽ ሰፌዱን በሁለት እጇ እንደያዘች ያልሰማ ሰው ፊት አበጀች። ታውቅበታለች፤ ከአሥራ አራት ዓመቷ አሥሩን የኖረችው በዚህ ፊት ነው። ለቀሩት ሴቶች በየእፍኛቸው ዘግና ሰጠችና ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ንፍሮውን የቀቀለችው ራሷ ናት፤ ማሽላና ሽምብራ፣ በትልቁ ድስት። ጨው ረስታ አይደለም። በዚህ ቤት ጨው ያለው የእናቷ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሳጥኑ ተቆልፏል፤ ቁልፉ እናቷ አንገት ላይ ከማተቧ ጋር ተንጠልጥሏል። ሳጥኑ ውስጥ ከአሊዩ አምባ የመጣ አንድ አሞሌ ጨው አለ። ከሁለት ወር በፊት ክንድ ያክል ነበር። አሁን ጥግ ጥጉ ተፍቆ ተፍቆ የከሳ ዶሮ ደረት መስሏል። ማን እንደፋቀው የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷም ባዶ ሰፌድ ይዛ ጓዳ ውስጥ ቆማለች።

ሳጥኑ ከተከፈተ እናቷ አሞሌውን ታያለች። አሞሌውን ካየች ደግሞ ባሏን አለባቸውን፣ የሸዋነሽን አባት፣ ትናንት ሚካኤል ግቢ አፈር የለበሰውን ሰው፣ ማን እንደገደለው ታውቃለች።

እናቷ ከበቡሽ መደቡ ሥር ባዶ መሬት ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ከትናንት ጀምሮ ከዚያ አልተነሣችም። አላለቀሰችምም። ፊቷን አልነጨችም፣ ደረቷን አልመታችም፤ የሚመጣውን ሰው ሁሉ እንደማታውቀው መንገደኛ ታየዋለች። ይሄ ለቀስተኛውን አላስደሰተውም።

«ጨውንም እንባዋንም አብራ ቆልፋዋለች» ሲሉ ሸዋነሽ ሰምታለች።

ጓዳ ውስጥ እትዬ ፈለቀች ደረሰችባት። እትዬ ፈለቀች የአባቷ ታላቅ እህት ናት፤ ከአጣዬ በበቅሎ የመጣች፣ ሙሾ አውርዳ ስታበቃ ወጥ የምትቀምስ፣ ወጡን ቀምሳ ስታበቃ ሰው የምታዝ።

«አንቺ ልጅ፣ ጨው የት ነው?»

«አልቋል።»

«አሞሌውስ?»

«እሱም አልቋል እትዬ።»

«አሞሌ እንደ ጠላ ተቀድቶ ነው የሚያልቀው? ነገ ሣልስት ነው። የቀወት ሰው በሙሉ ይመጣል፤ ካህናቱ አሉ። ወንድሜን በአልጫ አልሸኘውም። ሂጂና ቁልፉን ከእናትሽ ተቀበይ።»

«እማዬን አይነካኩብኝ። ከጎረቤት አመጣለሁ።»

ፈለቀች አፍጥጣ አየቻት። «አፍሽ የአባትሽ ነው» አለች፤ አባትሽ የሚለው ቃል ከራሷ አፍ ሲወጣ ግን ወደ ዳሱ ተመልሳ ሙሾዋን ካቆመችበት ቀጠለች።

እውነቷን ነው። የአለባቸውን አፍ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ያሉ ሰዎች እንኳ ያውቁት ነበር። ማሽላ ሲያሽት ማማው ላይ ወጥቶ ሲጮህ የእሱ ማሳ ወፍ ብቻ አይደለም የሚነሣው፤ የጎረቤቱም፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም ይነሣ ነበር። «ከአለባቸው ማሳ ጎን ያረሰ ወፍ ጠባቂ አያሻውም» ይባል ነበር። ሲበላም እንደ ጩኸቱ ነው፤ ገበታ ፊት ሲቀመጥ እናቷ አስቀድማ የልጇን ድርሻ ለብቻው ታስቀምጥ ነበር።

ከዚያ ጣልያን መጣ። መንገድም አብሮት መጣ። ከደብረ ሲና በላይ ያለውን ተራራ ሆዱን በስተው መኪና ሊያሳልፉበት አሰቡ፤ ለመብሻው ሰው ያስፈልግ ነበርና ከየጎጡ ተለቀመ። ጠመንጃ የያዘ ሲለቅም ደግሞ «ማሽላዬ ደርሶብኛል» አይባልም። አለባቸው ሁለት ዓመት ሙሉ በተራራው ሆድ ውስጥ ድንጋይ ሲወጋ ኖረ። ሲመለስ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነበር። ሸዋነሽ ወፍጮ ቤት አድሮ የመጣ መስሏት ሳቀች። እናቷ ፊቱን ሦስት ጊዜ አጠበችው። ከፊቱ ወረደ፤ ከደረቱ ግን አልወረደም።

መጀመሪያ የሄደው ድምፁ ነው። ማማው ላይ ወጥቶ አፉን ከፈተ፤ ሳል ወጣ። ወፎቹ ቀና ብለው አዩትና ወደ ማሽላቸው ተመለሱ።

«ናቁኝ» አለ ሲወርድ፣ በየመወጣጫው ላይ እያረፈ። «የገዛ ወፎቼ ናቁኝ።»

ሸዋነሽ ሳቀች። እሱም ሊስቅ ሲል ሳሉ ቀደመው።

ቀጥሎ የሄደው ሥጋው ነው። መብላት ሥራ ሆነበት። አንድ ጎርሶ፣ ዳገት እንደወጣ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ይተነፍሳል፤ ሁለተኛውን ሲያነሣ እጁ መንገድ ላይ ይቀራል። «ጉርሻና ትንፋሽ በአንድ በር አይገቡም» ይል ነበር፤ «አንዱ ሲገባ አንዱ ደጅ ይጠናል።» ሁዳዴን በሙሉ ጾመው። የንስሐ አባቱ «አንተ በሽተኛ ነህ፤ እንቁላል ቢጤ ቅመስ» ብለው ቢፈቅዱለት፣ «አባ፣ ሁለት ጉርሻ ለማይችል ሆድ ብዬ ጾም ልሻር?» አላቸው። ፋሲካ ሲደርስ ሁለት ዙር ይዞረው የነበረው መቀነት አራት ዙር ዞረው።

«እኔን ግን የገረመኝ» አሉ ዳሱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ፣ ሸዋነሽ ውሃ ስታቀርብ፤ «መስቀል ሰሞን ሳየው ወፍሮ ነበር'ኮ። እግሩ የባለጸጋ እግር መስሎ።»

«ተነሣ ብለን ነበር» አሉ ሌላው።

ያላለ አልነበረም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የአለባቸው እግር መሙላት ጀመረ። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቱ ጠፋ፤ ከዚያ ባቱ ከበደ፤ ከዚያ ሆዱ። ዓመት ሙሉ አጥንቱን ሲቆጥሩ ለኖሩ ሰዎች ተአምር ነበር። እትዬ ፈለቀች ከአጣዬ መጥታ ስታየው እልል አለች። «ወንድሜ ሥጋ ያዘ» ብላ ራሷ ዘልዝላ ያደረቀችውን ቋንጣ፣ ጨው የጠገበ ቋንጣ፣ በእጇ አጎረሰችው። እሱም እግሩን እያየ፣ «ይኸው ባላባት ሆንኩ፤ ከእንግዲህ ጫማ አይገባልኝም» አለ። በዕድሜው ጫማ አድርጎ አያውቅም። ክንዱን ማንም አላየም። ክንዱ የማሽላ አገዳ ነበር።

ከበቡሽ ብቻ እልል አላለችም። «ጋደም ብሎ መተንፈስ ያቃተው ሰው እንዴት ወፈረ ይባላል?» አለች። በማግስቱ አህያ ላይ አስቀምጣ ወንዙ ዳር ወዳለው የመንገድ ሠሪዎች ሰፈር ወሰደችው፤ አህያዋን የነዳችው ሸዋነሽ ናት። ዘመድ ተቆጣ። «ያሳመሙት ሰዎች ያድኑልኛል ብለሽ ነው?» አሏት። «ሌላ ሐኪም የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ» አለች። ማንም አያውቅም።

ሐኪሙ ሸምገል ያለ፣ ራሱም የሚያስል ጣልያን ነበር። አስተርጓሚው በሰፊ ጫማ ውስጥ የሚዋኝ ጎልማሳ ነው። ሐኪሙ የአለባቸውን ደረት ሲያዳምጥ ብዙ ቆየ። ከዚያ አውራ ጣቱን የእግሩ አገዳ ላይ ጫነና አነሣው። ጉድጓድ ቀረ። ሸዋነሽ ጎንበስ ብላ አየች፤ ጭቃ ላይ እንደቀረ ዱካ፣ በአባቷ እግር ላይ ጉድጓድ።

«ይሄ ሥጋ አይደለም፣ ውሃ ነው ይላል» አለ አስተርጓሚው። «ሳንባው በድንጋይ ብናኝ ደርቋል። ልቡ በደረቀ ሳንባ ውስጥ ደም ሲገፋ ሲገፋ ደክሟል። የደከመ ልብ ውሃውን መመለስ ስለማይችል ወደ እግር ይወርዳል ይላል። ከውሃው ሥር ያለው ሥጋ አልቋል።»

«ታዲያ ምን ይሁን?» አለች ከበቡሽ።

«ይብላ። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ። እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ። ካልበላ ይሞታል።»

«እሺ።»

«ጨው ግን እንዳይቀምስ። ጨው ከቀመሰ ውሃው ይበዛና ልቡን ያፍነዋል።»

«እሺ። ይድናል?»

አስተርጓሚው ጠየቀ። ሐኪሙ ማዳመጫውን ቀስ አድርጎ ሲጠቀልል ቆየ። አስተርጓሚውም የሚተረጉመው አጥቶ ጫማውን አየ።

በማግስቱ አሞሌው ሳጥን ገባ፤ ቁልፉም አንገት ላይ ዋለ።

አለባቸው የመጀመሪያውን አልጫ ቀምሶ፣ «ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«ወጥ ነው» አለች ሚስቱ።

«ወጥስ አይደለም። የወጥ ዘመድ ይሆናል።»

መጀመሪያ ቀለደበት። ከዚያ ገበታውን በእጁ ጀርባ ገፋ። እንቁላሉን ገፋ፣ ቅቤውን ገፋ፣ ወተቱን ሁለቴ ተጎንጭቶ ለሸዋነሽ ሰጣት። «ትንፋሼን ከፍዬ የምውጠው ነገር ቢያንስ ጣዕም ይኑረው እንጂ» አለ። እውነቱን ነበር፤ ምን ይባላል? ሐኪሙ ይብላ አለ፤ ሐኪሙ ጨው አይቅመስ አለ። ሁለቱ ትእዛዞች አንድ ቤት ውስጥ መኖር አልቻሉም።

ሸዋነሽ ጨው ፍለጋ ከሐምዲያ ደጅ ስትደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ሐምዲያ ከቦዩ ማዶ የምትኖር የአርጎባ ሴት ናት፤ ባሏ አብዱልፈታህ በግመል ጨው ያመጣል። ትናንት ቀብር ላይ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ ሄዳ ከውጭ ቆማ ነበር።

«እትዬ ሐምዲያ፣ ጨው አለዎት?»

«እናንተ ቤት አሞሌ እያለ?»

«እሱ… ተቆልፏል።»

ሐምዲያ ገብታ ከቅል ውስጥ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ቁራጭ አውጥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት። «ያለችኝ ይቺ ናት። አብዱልፈታህ ከወረደ ሃያ ቀኑ ነው። በየኬላው ጭነቱን እያስወረዱ ይፈትሹታል አሉ።» ከዚያ የሸዋነሽን መዳፍ ራሷ አጠፈችላትና እጇን ሳትለቅ ቆየች። «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪ። አባትሽ እኔንም ለምኖኝ ነበር።»

«ምን?»

«ጨው። አጥር አጥሩን ተደግፎ መጣ። ከናንተ ደጅ እዚህ ሃምሳ እርምጃ አይሆንም፤ ስድስት ጊዜ አረፈ፣ ቆጥሬዋለሁ። 'ሐምዲያ፣ ምላሴ ከኔ ቀድሞ ሞተ፤ አንዲት ቁራጭ ስጪኝ' አለኝ። እናትሽ አደራ ብላኝ ነበርና እምቢ አልኩት። ወላሂ፣ እምቢ አልኩት። ሳቀና ተመለሰ።» ዐይኗን በሻሿ ጠረገች። «አሁን እህል ባነሣሁ ቁጥር ይመጣብኛል። ሰጥቼው ቢሆን፣ ቢያንስ በልቶ ይሞት ነበር እላለሁ።»

ሸዋነሽ አፏ ድረስ የመጣውን ነገር ዋጠችው። «ሰጥተውት በዚያው ቢሞትስ?» አለች።

«እሱንም አስቤዋለሁ» አለች ሐምዲያ። «አላህ ያውቃል። እኔ አላውቅም።»

ሸዋነሽ ቁራጯን በመዳፏ ይዛ ተመለሰች። ለመቶ ሰው ንፍሮ ያቺን መጨመር ለወንዝ ምራቅ ማበደር ነው። ከቦዩ ዳር ቆማ አሰበች። ያልሰጠችው ሐምዲያ እንዲህ ከሆነች፣ የሰጠችው ምን ልትሆን ነው?

መስጠት የጀመረችው መስከረም ሲጋመስ ነው። እናቷ ወንዝ ስትወርድ ቁልፉን ከአንገቷ እየፈታች ምሰሶው ላይ ትሰቅል ጀመር። «ውሃ ውስጥ እንዳይወድቅብኝ» ትላለች። ሸዋነሽ በልቧ ሳቀች። ከበቡሽ የዶሮ ቤት እንኳ ሁለት ጊዜ የምታስር ሴት ናት፤ በዚህ ግን ተዘናጋች። «እርጅና ነው» አለች ሸዋነሽ። እናቷ ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነበር።

አባቷ መደቡ ላይ ተደግፎ ሲያያት ዋለ፤ አልጠየቃትም። ራሷ ናት ሳጥኑን ከፍታ አሞሌውን በቢላዋ ጫፍ ፋቅ ያደረገችው። እንቁላሉ ላይ በተነችለት።

ጎረሰ። ዐይኑን ጨፈነ፤ ለትንፋሽ አልነበረም።

«ለካ እንቁላል እንዲህ ነበር» አለ።

ሁለተኛ ጎረሰ። ሦስተኛ። ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ሙሉ ጉርሻ።

«ሸዋዬ።»

«አቤት።»

«ትንሽ ጨምሪበት።»

እንደዚህ ሆነ። እናቷ ወንዝ በወረደች ቁጥር ሳጥኑ ይከፈታል፤ አባቷ ይበላል፤ ገበታው ባዶ ሲሆን እናቷ መጥታ ታያለች፣ ምንም አትልም። ሸዋነሽ አባቷን ያተረፈችው እሷ እንደሆነች ማሰብ ጀመረች።

ጨዋታ ነበራቸው። የሐኪሙን አይታ፣ አውራ ጣቷን አባቷ አገዳ ላይ ትጫንና ጉድጓዱ እስኪሞላ አቡነ ዘበሰማያት ትደግማለች። መጀመሪያ ሰሞን ይትቀደስ ስምከ ሳትጨርስ ይሞላ ነበር። ጨው በቀመሰ በሳምንቱ ሲሳየነ ላይ፣ የዕለት እንጀራችንን ስጠን የሚለው ላይ ደረሰ። ሸዋነሽ እጇን ሰበሰበች። አራት ቀን ምንም አልፋቀችም። አራት ቀን አባቷ ምንም አልበላም፤ አልለመነምም። ቢለምናት ይሻላት ነበር፤ ትቆጣው ነበር። እሱ ግን የክንዱን ቆዳ በሁለት ጣቱ እየሳበ፣ «ይሄን ነጠላ ማን አለበሰኝ?» አላት። በአምስተኛው ቀን ሳጥኑን ከፈተች። ካልበላ ይከሳል፤ ከበላ ያብጣል። አውራ ጣቷም ከሲሳየነ አልፋ ኅድግ ለነ አበሳነ ላይ፣ በደላችንን ይቅር በለን የሚለው ላይ ደረሰች። ኅዳር ሲገባ አሜን ብላ ጨርሳ ጉድጓዱ ቁጭ ብሎ ያያት ነበር።

«አልሞላም አባዬ።»

«ድገሚው» አላት በተቆራረጠ ትንፋሽ። «ጸሎት ሲደገም… ጉዳት የለውም።»

ኅዳር በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ እናቷ ወንዝ ወርዳ ሳለ፣ ሸዋነሽ እንቁላል አቀረበችለት። አንድ ጎረሰ። ሁለተኛውን አፉ ውስጥ ይዞ ቆየ። ከዚያ «ትንሽ…» አለ። «ጨምሪበት» እስኪል ጠበቀችው። ቢላዋውን እንደያዘች ብዙ ጠበቀችው።

የሣልስቱ ቀን ሰው ከማሳው ሁሉ መጣ፤ የጎመራ ማሽላውን ለወፍ ትቶ። እትዬ ፈለቀች የሐምዲያን ቁራጭ በሁለት ጣቷ አንሥታ ወደ ብርሃን ያዘቻት።

«ይቺን ነው ያመጣሽልኝ? ይቺ ጨው ናት ወይስ የአይጥ ጥርስ?»

«ሌላ የለም እትዬ።»

«ሌላማ አለ» አለች ፈለቀች፣ ቀጥ ብላም ወደ ከበቡሽ ሄደች። «ከበቡሽ፣ ቁልፉን ስጪኝ። ሰው እየተንሾካሾከ ነው። የወንድሜ ቤት ጨው አጣ መባል የለበትም።»

ሸዋነሽ ሮጣ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች። ሌላ ምን እንደምታደርግ አላወቀችም።

«ተነሺ» አለች አክስቷ።

«አልነሣም።»

«ምን አለበት ሳጥኑ ውስጥ? ዘንዶ?»

«አልነሣም አልኩ እትዬ። ሌላ ቤት ይፈልጉ። ካህናቱ አልጫ ቢበሉ አይሞቱም።» ድምፅዋ በመጨረሻው ቃል ላይ ተሰበረ።

ያን ጊዜ ከበቡሽ ተነሣች። ከቀብሩ ወዲህ መነሣቷ ነው፤ ምሰሶውን ይዛ፣ በሁለት ጊዜ ነው የቆመችው። ከማተቧ ጋር የታሰረውን ቁልፍ ፈታች።

«ተነሺ ሸዋነሽ» አለች ቀስ ብላ።

ሸዋነሽ ተነሣች። ቁልፉ ገባ፣ ዞረ፣ ክዳኑ ተከፈተ። አሞሌው ከነፍቅፋቂው ጨርቁ ላይ ተኝቷል። የቢላዋው ጫፍ የሄደበት መንገድ ሁሉ ይታያል፤ ዓይነ ስውር ቢዳስሰው የሰው እጅ መሆኑን ያውቃል።

ፈለቀች ከከበቡሽ ትከሻ በላይ ተንጠራርታ አየች። «በስመ አብ። ይሄን አይጥ ነው የላሰው?»

ከበቡሽ አሞሌውን ብዙ አየችው።

«አይጥ ነው» አለች።

«ጨው የሚበላ አይጥ?»

«የቆላ አይጥ ነው፤ የማይበላው የለም። በይ ያዢና ሂጂ።»

ፈለቀች አሞሌውን ታቅፋ ወጣች። ወዲያው ከደጅ የሙቀጫ ድምፅ ተሰማ። ከበቡሽ ሳጥኑን አልቆለፈችውም። ወደ ቦታዋ ተመልሳ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች።

ሸዋነሽ ፊቷ ቆመች። «እማዬ፣ አይጥ አይደለም። እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«አሁን ነው ያወቅሽው?»

«ቁልፉን ምሰሶው ላይ ማን ሰቀለልሽ?»

ሸዋነሽ ቀና ብላ ምሰሶውን አየች።

«እኔ በዕድሜዬ ቁልፍ ውሃ ውስጥ ጥዬ አውቃለሁ?» አለች እናቷ። «አንዳንድ ቀን የማጥበው ልብስ እንኳ አልነበረኝም። እወርድና ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። በልቶ እስኪጨርስ ነው የምቀመጠው። ትናንት ወዲያም እዚያው ነበርኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ስጪው ብዬ? አትስጪው ብዬ?» ከበቡሽ እጆቿን ጭኗ ላይ ገልብጣ አየቻቸው። «ለሐኪሙ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። በእጄ ልሰጠው አልቻልኩም። ተርቦ ሲያልቅ ላየውም አልቻልኩም። አንቺ ልጅ ነሽ፣ ልጅ አይጠየቅበትም ብዬ… ባንቺ እጅ ሰጠሁት።»

ሸዋነሽ ልትቆጣ ፈለገች። ቃሉንም አዘጋጅታው ነበር፤ ቃል አጥታ አታውቅም። ለሦስት ቀን ብቻዋን የተሸከመችው ነገር ግማሹ የእናቷ ሆኖ ተገኘ፤ ግን አንድ ፍሬ ያህል እንኳ አልቀለለም። ሐኪሙን ሰምተው ቢሆን ይተርፍ ነበር? ሳይሰሙት ቀርተው ከመጀመሪያው በጨው አብልተውት ቢሆንስ? የሚጠየቅ ሰው የለም። እሱ እንደሆነ «ትንሽ» ብሎ ሄዷል።

ከዳሱ ድምፅ መጣ። «ደግሞ አሁን ምነው? ባሕር ውስጥ ነከሩት እንዴ?»

«ዝም ብለሽ ቆርጥሚ። አንቺን የሚያስደስት ንፍሮ ገና አልተቀቀለም።»

የከበቡሽ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ሸዋነሽ አልለየችም። አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አለች። የእናቷ እግር ፊቷ ተዘርግቷል። ሦስት ቀን ያልተነሣ እግር ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሞላ ብሏል።

ሸዋነሽ አውራ ጣቷን አገዳው ላይ አስቀምጣ ተጫነች። ከዚያ አነሣችው።

ትንሽዬ ጉድጓድ ቀረች።

«አቡነ ዘበሰማያት» አለች በሹክሹክታ፣ ዐይኗን ከጉድጓዷ ሳትነቅል። «ይትቀደስ ስምከ…» እዚያ ላይ ሞላ። እግሩ እግር ሆነ። ሸዋነሽ ግን አላቆመችም። ሲሳየነን አለፈች። ኅድግ ለነ አበሳነ ጋ ስትደርስ ከንፈሯ ቆመ፤ ወደፊት አልሄድ አላት።

እናቷ እግሯን አልሰበሰበችም። የልጇን አውራ ጣት ይዛ እዚያው አገዳዋ ላይ መልሳ አስቀመጠችና ከቆመችበት፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል ከሚለው ቀጠለችላት።

«ከመ ንሕነኒ ንኅድግ…»